የላቦራቶሪ ስህተትን የማሳወቅ ልማድና የራስ-ሰር ማስታወሻ ድርሻ፦ ከዓለም ተሞክሮ እስከ ግሸን ግርጌ

የጥያቄው ምንነት

የሆስፒታል ላቦራቶሪ የሚታመነው ስህተቱን በማሳነሱ ብቻ ሳይሆን፣ የደረሰውን ስህተት አውቆ፣ መዝግቦና ምንጩን መርምሮ እንዳይደገም በማድረጉም ጭምር ነው። ስህተትን ማሳወቅ ሲባል አንድ ባለሙያ ራሱ ወይም ባልደረባው በሥራ ላይ ያጋጠመውን መዛባት፣ በሕመምተኛው ላይ ጉዳት ቢያደርስም ባያደርስም፣ በተወሰነ ቅጽ ወይም መዝገብ አስፍሮ ለጥራት ኃላፊው ማስተላለፉ ማለት ነው። ይህ ልማድ በየትኛውም አገር ደካማ ሆኖ በመቆየቱ፣ ባለፉት አሥርት ዓመታት ባለሙያውን በየጊዜው የሚያነቁ ልዩ ልዩ ዘዴዎች ተሞክረዋል። ከእነዚህም አንዱ ራስ-ሰር ማስታወሻ ነው፤ ይኸውም ላኪ ሰው በየዕለቱ ሳያስፈልገው፣ አስቀድሞ በተወሰነ ሰዓት ወይም አንድ የተለየ ሁኔታ ሲፈጠር፣ በኮምፒውተር ወይም በእጅ ስልክ በራሱ የሚደርስ አጭር መልእክት ነው።

ይህ ዳሰሳ ሦስት ነገሮችን በቅደም ተከተል ይመረምራል፦ የላቦራቶሪ ስህተት የት እንደሚበዛና ለምን ተደብቆ እንደሚቀር፣ ማስታወሻ በጤና ሥራ ላይ ምን ያህል ለውጥ እንዳመጣ፣ እንዲሁም በኢትዮጵያ፣ በተለይም በደቡብ ወሎ በሐይቅና በአምባሰል አካባቢ ላሉ ላቦራቶሪዎች ምን ዓይነት ማስታወሻ እንደሚስማማ። የዳሰሳው ዋና መከራከሪያ ማስታወሻ በዋናነት የሚፈውሰው መርሳትን መሆኑ ነው፤ ፍርሃትንና ተስፋ መቁረጥን አይፈውስም፣ ያለ ቦታው ከገባም ሊያባብሳቸው ይችላል።

ስህተቱ የሚበዛበት ቦታ

የላቦራቶሪ ምርመራ ከሐኪም ትእዛዝ ተነሥቶ ተመልሶ ሐኪሙ ዘንድ የሚደርስ ዑደት መሆኑን አሜሪካዊው የሥነ ደዌ ሊቅ ጆርጅ ላንድበርግ እ.ኤ.አ. በ1981 ካሳየ ወዲህ፣ የሙያው ጸሐፍት ሥራውን በሦስት ምዕራፍ ይከፍሉታል። የመጀመሪያው ቅድመ ምርመራ ነው፤ ይህም ከጥያቄ ወረቀቱ አጻጻፍ ጀምሮ ናሙናው ተወስዶ፣ ተለይቶና ተጓጉዞ መሣሪያው ዘንድ እስኪደርስ ያለውን ያካትታል። ሁለተኛው ምርመራው ራሱ ሲሆን፣ ሦስተኛው ድኅረ ምርመራ፣ ማለትም ውጤቱ ተጽፎ፣ ተረጋግጦና ለሐኪሙ ደርሶ ሥራ ላይ እስኪውል ያለው ነው።

ስህተቱ በእነዚህ ምዕራፎች እንዴት እንደሚከፋፈል ካሳዩት ጥናቶች መካከል በጣሊያን በፓዶቫ ሆስፒታል ማሪዮ ፕለባኒና ፓውሎ ካራሮ ያካሄዱት ዋነኛው ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጡት ጽሑፍ፣ ከ40,490 ምርመራዎች መካከል 189 ስህተቶች እንደተገኙና ከእነዚህም 68.2 በመቶው በቅድመ ምርመራ፣ 13.3 በመቶው በምርመራው ጊዜ፣ 18.5 በመቶው ደግሞ በድኅረ ምርመራ እንደተፈጸሙ አመልክተዋል። ጥናቱ ከአሥር ዓመት በኋላ በዚያው ሆስፒታል ሲደገም የስህተቱ መጠን የቀነሰ ቢሆንም፣ 61.9 በመቶው ስህተት አሁንም በቅድመ ምርመራ ላይ ተገኝቷል። ስለዚህ የላቦራቶሪ ስህተት ሲነሣ ብዙዎች ቀድሞ የሚታያቸው መሣሪያ ቢሆንም፣ አብዛኛው ስህተት የሚገባው ናሙናው መሣሪያው ዘንድ ከመድረሱ በፊት፣ ነርሱ፣ ካርድ ክፍሉ፣ ተላላኪውና የላቦራቶሪ ባለሙያው በሚቀባበሉባቸው እጆች መካከል ነው።

የዚህ ዓይነት ስህተት በወሎ ምን እንደሚመስል መገመት አያስቸግርም። በአካባቢው ሰይድ፣ አሊ፣ አሕመድና መሐመድ የሚሉት ስሞች እጅግ የተለመዱ በመሆናቸው፣ በጥያቄ ወረቀቱ ላይ የአያት ስም ካልተጻፈና ዕድሜውም በግምት ከተሞላ፣ በአንድ ጠዋት የመጡ ሁለት ሰይድ አሊዎች በወረቀት ላይ አንድ ሰው ይሆናሉ፤ የሚለያቸው የካርድ ቁጥሩ ብቻ ሲሆን፣ እርሱም ቲዩቡ ላይ በእስክሪብቶ ተጽፎ በእርጥበት ከለቀቀ የሚለያቸው ነገር አይኖርም። ሌላው ከዓይን የሚሰወር ስህተት ደም በቂ ሆኖ ሳይገኝ ሲቀር ሐምራዊ ክዳን ካለው ቲዩብ ወደ ቀይ ክዳኑ ማገላበጥ ነው፤ ሐምራዊው ቲዩብ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ንጥረ ነገር ፖታሲየም ያለበት በመሆኑ፣ በቀይ ቲዩቡ ሲመረመር የሕመምተኛው ፖታሲየም በሐሰት ከፍ፣ ካልሲየሙ ደግሞ በሐሰት ዝቅ ብሎ ይታያል፤ ሐኪሙም የሌለ አደጋ ለማከም ሊነሣ ይችላል። ሴረሙ ሳይለይ የቆየ ደምም በየሰዓቱ ከስኳሩ ከ5 እስከ 7 በመቶ ያህል ስለሚያጣ፣ የስኳር ሕመምተኛው ጤነኛ መስሎ ይወጣል። እነዚህ ሁሉ መሣሪያው እንከን የለሽ ሆኖ ሲሠራ የሚደርሱ ስህተቶች ስለሆኑ፣ የነበረ ሰው ካልተናገራቸው በስተቀር ማንም አያውቃቸውም።

ለምን ተደብቆ ይቀራል

በጤና ተቋማት በፈቃደኝነት የሚቀርብ ሪፖርት ከሚደርሰው ነገር ጥቂቱን ብቻ እንደሚይዝ በተደጋጋሚ ተረጋግጧል። እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ የወጣ የከለንና የባልደረቦቹ ጥናት፣ በሌላ ዘዴ ከተደረሰባቸው የመድኃኒት ጉዳቶች መካከል የሪፖርት ቅጽ የተሞላላቸው 6 በመቶው ብቻ እንደሆኑ አሳይቷል። የዝምታው መንስኤዎች ብዙ ቢሆኑም፣ ለማስታወሻ ጥያቄ ሲባል በአራት መመደብ ይቻላል።

የመጀመሪያው አለማወቅ ነው፤ ባለሙያው የተመለሰን ናሙና ወይም ከወሰን የወጣ ኮንትሮልን እንደ ዕለት ሥራ እንጂ እንደ ስህተት አያየውም። ኮንትሮል የሚባለው ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ናሙና ሲሆን፣ መሣሪያውና ሪኤጀንቱ (የመመርመሪያው ኬሚካል) ትክክል መሆናቸውን ለማረጋገጥ ከሕመምተኛ ናሙና በፊት ይሠራል። ሁለተኛው መርሳት ነው፤ ተረኛው ባለሙያ ወረፋ በበዛበት ሰዓት ያየውን በኋላ እመዘግባለሁ ብሎ ሲያሳድረው በዚያው ይጠፋል። ሦስተኛው ፍርሃት ነው፤ ሪፖርቱ ወደ ደመወዝ ቅጣት፣ ወደ ዝውውር ወይም በባልደረቦች ፊት ወደ መዋረድ ይመራል የሚለው ስጋት ብዙውን ጊዜ መሠረት የሌለው አይደለም። አራተኛው ተስፋ መቁረጥ ነው፤ ባለፈው የተጻፈው ሪፖርት ምን ፍሬ እንዳፈራ ያልሰማ ሰው ሌላ ለመጻፍ አይነሣም።

ከእነዚህ መካከል ማስታወሻ በቀጥታ የሚደርሰው ለሁለተኛው ሲሆን፣ ጥያቄው በምሳሌ የተደገፈ ከሆነ የመጀመሪያውንም ይረዳል። ሦስተኛውና አራተኛው ግን የአስተዳደር ሥራ ይፈልጋሉ። ለዚህ ምሳሌ የሚሆነው እ.ኤ.አ. በ1976 በአሜሪካ የተቋቋመው የበረራ ደኅንነት ሪፖርት ሥርዓት ነው፤ ሪፖርቱን የሚቀበለው የበረራ ሕግ አስከባሪው መሥሪያ ቤት ሳይሆን የጠፈር ምርምር ድርጅቱ ናሳ እንዲሆን ተደርጓል፣ የአሳዋቂው ማንነት ይፋቃል፣ ሳያስበው ጥፋት የፈጸመ አብራሪም በጊዜው ካሳወቀ ከቅጣት ከለላ ያገኛል። አብራሪዎች እንዲናገሩ ያደፋፈራቸው ይህ ከለላና ለሁሉም የሚሰራጨው ትምህርት ነው። በጤናው ዘርፍም የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው ረቂቅ መመሪያ፣ የሪፖርት ሥርዓት ከቅጣት ነጻ፣ ምስጢር ጠባቂና መልስ ሰጪ መሆን እንዳለበት አስፍሯል። የአማርኛው ምሳሌያዊ ንግግር «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል፤ በሽታውን የገለጠው ሰው የሚቀጣበት ቤት ከሆነ ግን መደበቅ እንደ ብልሃት መቆጠሩ አይቀርም።

ማስታወሻ ምን ያህል ይሠራል

በኮምፒውተር ማስታወሻ የጤና ባለሙያን ሥራ ማሻሻል እንደሚቻል በመጀመሪያ ካሳዩት አንዱ በኢንዲያናፖሊስ የሠራው ክሌመንት ማክዶናልድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጣው ጥናት፣ ሐኪሞች ማስታወሻ ሲደርሳቸው እርምጃ ከሚያስፈልጋቸው ሁኔታዎች ለ51 በመቶው፣ ሳይደርሳቸው ደግሞ ለ22 በመቶው ብቻ ምላሽ ሰጥተዋል። የማክዶናልድ ማብራሪያ ከቁጥሩ ይልቅ ለዛሬው ጥያቄ ይጠቅማል፤ ጉድለቱ የመጣው ከዕውቀት ማነስ ሳይሆን ሰው በአንድ ጊዜ ሊይዘው ከሚችለው በላይ መረጃ ስለሚፈስበት ነው የሚል ነበርና።

ከዚያ ወዲህ የተጠራቀመው ማስረጃ ግን ተስፋውን መጠነኛ አድርጎታል። እ.ኤ.አ. በ2009 ሾጃኒያና ባልደረቦቹ የሕክምና ማስረጃን ለሚገመግመው ኮክሬን ለተባለው ድርጅት ባዘጋጁት ግምገማ 28 ጥናቶችን ሲመረምሩ፣ በኮምፒውተር ገጽ ላይ የሚታዩ ማስታወሻዎች የሕክምና አሠራርን ያሻሻሉበት መካከለኛ መጠን 4.2 በመቶ ያህል ነበር። በአንጻሩ በኬንያ በ107 የገጠር ጤና ተቋማት ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2011 በላንሴት የሕክምና መጽሔት የወጣው የዙሮቫችና የባልደረቦቹ ጥናት እጅግ የተሻለ ውጤት አሳይቷል። የጤና ባለሙያዎች ለስድስት ወር ስለ ወባ ሕክምና አጫጭር የስልክ መልእክት በየሥራ ቀኑ ሲደርሳቸው፣ ሕጻናትን በመመሪያው መሠረት የማከሙ ሥራ ወዲያው በ23.7 የመቶኛ ነጥብ የተሻሻለ ሲሆን፣ ከስድስት ወር በኋላም መሻሻሉ 24.5 ነጥብ ሆኖ ተገኝቷል። የሁለቱ ግኝቶች ልዩነት፣ መጽሐፍና ሥልጠና እንደልብ በማይገኝበት ቦታ በየኪሱ ያለ ስልክ ትልቅ ዋጋ ሊኖረው እንደሚችል ይጠቁማል።

ማስታወሻ በተለይ ስህተትን በማሳወቅ ላይ ስላለው ውጤት የተሠሩት ጥናቶች ያነሱ ናቸው። ከእነዚህ መካከል እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ የወጣው የኦኒልና የባልደረቦቹ ጥናት ይጠቀሳል፤ ተለማማጅ ሐኪሞች በኮምፒውተር መልእክት አማካይነት በሕሙማን ላይ የደረሰውን ጉዳት እንዲያሳውቁ ሲጠየቁ 89 አጋጣሚዎችን አሳውቀዋል፣ የሕክምና መዝገብ ሲገላበጥ ደግሞ 85 ተገኝተዋል፣ በሁለቱም መንገድ የተገኙት ግን 41 ብቻ ነበሩ። ሐኪሞቹ ካሳወቋቸው መካከል መከላከል ይቻሉ የነበሩት ድርሻ መዝገቡ ካሳየው የላቀ ነበር። ከዚህ ሁለት ነገር ይገኛል። የተጠየቀ ሰው መዝገብ የማያውቀውን ይናገራል፤ መዝገብም የተጠየቀው ሰው የዘነጋውን ይይዛል። ስለዚህ ማስታወሻ ሌሎቹን የክትትል መንገዶች የሚደግፍ እንጂ የሚተካ አይደለም።

ሌላው በማስረጃ የጸና ነገር የማስጠንቀቂያ መሰልቸት ነው። መልእክት ሲበዛ፣ በተለይም አብዛኛው ለተቀባዩ የማይመለከተው ሲሆን፣ ዓይን ሳያነበው እጅ ያጠፋዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው አስፈላጊ መልእክትም ከሌሎቹ ጋር አብሮ ይጠፋል። በዚህ ምክንያት የማስታወሻ ዋና ጥበብ በመላክ ሳይሆን በመቆጠብ ላይ ነው።

የኢትዮጵያ መነሻ

አፍሪካ ላቦራቶሪዎቿን በጋራ መለኪያ ለማሻሻል የተነሣችው እ.ኤ.አ. በ2008 የማፑቶ መግለጫ ከወጣ በኋላ ነው። በቀጣዩ ዓመት በኪጋሊ ስልምታ በሚል ምኅጻረ ቃል የሚታወቀው የላቦራቶሪ አስተዳደር ማጠናከሪያ ሥልጠና ተጀመረ፤ ኢትዮጵያም ከመጀመሪያዎቹ ተሳታፊዎች አንዷ ሆነች፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የተመሠረተው የአፍሪካ የላቦራቶሪ ሕክምና ማኅበርም ዋና ጽሕፈት ቤቱን አዲስ አበባ ላይ አደረገ። ከሥልጠናው ጋር የሚሄደው ስሊፕታ የተባለው የመገምገሚያ ቅጽ እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው እትሙ 12 ክፍሎች የነበሩት ሲሆን፣ ላቦራቶሪው ከ275 ነጥብ ተመዝኖ ከዜሮ እስከ አምስት ኮከብ ያገኝ ነበር። ከክፍሎቹ መካከል መዛባትን ለይቶ ማረምና ክስተትን ማስተዳደር ራሳቸውን ችለው ይመዘኑ ነበር። የሕክምና ላቦራቶሪዎች ዓለም አቀፍ መስፈርት የሆነው አይ.ኤስ.ኦ. 15189ም እ.ኤ.አ. በ2022 በተሻሻለው እትሙ፣ ላቦራቶሪው በሕመምተኛ ላይ ሊደርስ የሚችለውን ስጋት አስቀድሞ እንዲያይና ከመዛባት እንዲማር አጥብቆ ይጠይቃል።

በአገር ውስጥ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ብሔራዊውን የጥራት ሥራ ሲመራ፣ በአማራ ክልል የክልሉ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትና የደሴ ቅርንጫፉ ለወሎ አካባቢ ላቦራቶሪዎች የውጭ ጥራት ቁጥጥርና ድጋፍ ይሰጣሉ። የውጭ ጥራት ቁጥጥር የሚባለው፣ አንድ ላቦራቶሪ ያነበበው የቲቢ ወይም የወባ ስላይድ በሌላ ባለሙያ ዳግም የሚነበብበት ወይም መልሱ የታወቀ ናሙና ተልኮ ብቃቱ የሚፈተንበት አሠራር ነው። ይህ ቁጥጥር የምርመራውን ምዕራፍ በሚገባ ሲያይ፣ አብዛኛው ስህተት የሚፈጸምበትን ቅድመ ምርመራ ግን ከሩቅ ሊያየው አይችልም፤ ያ የሚታወቀው በቦታው ባለው ባለሙያ ሪፖርት ብቻ ነው።

የሪፖርት ጥቅም በክልሉ በታየ አንድ ጉዳይ ግልጽ ይሆናል። ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት በአብዱራፊ ይሰጠው በነበረው አገልግሎት ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት፣ የኤች.አይ.ቪ. ፈጣን ምርመራዎች ሲለያዩ በሦስተኛ መመርመሪያ የመለየት አሠራርና ደብዘዝ ብለው የሚታዩ መስመሮች፣ ቫይረሱ የሌለባቸውን ሰዎች አለባቸው ወደሚል የተሳሳተ ውጤት እንደሚመሩ አመልክቷል። እንዲህ ያለው ችግር በአንድ ባለሙያ እጅ የሚስተካከል አይደለም፤ ደብዛዛ መስመር ያዩ ብዙ ባለሙያዎች ያዩትን ሲያሳውቁና ሪፖርቶቹ ሲጠራቀሙ ግን ጉድለቱ በሰው ላይ ሳይሆን በአሠራሩ ላይ መሆኑ ይገለጣል።

በተግባር ግን የክስተት መዝገቡ በብዙ ቦታ የሚሞላው ሱፐርቪዥን ሲቃረብ ነው። የአንድ ወር መስመሮች በአንድ እስክሪብቶና በአንድ እጅ ጽሑፍ ተከታትለው ሲገኙ፣ ወይም የናሙና መመለሻ መዝገቡ ሞልቶ የክስተት መዝገቡ ባዶ ሲሆን፣ ለገምጋሚ ዓይን ምልክቱ ግልጽ ነው።

ኢትዮጵያ ለዚህ ጉዳይ መነሻ የሚሆን የራሷ ልማድ አላት። በኅብረተሰብ ጤና አደጋዎች ቁጥጥር ሥርዓት እያንዳንዱ ጤና ተቋም ከሰኞ እስከ እሑድ ያየውን ወረርሽኝ አምጪ በሽታ በየሳምንቱ ለወረዳ ያሳውቃል፤ ምንም ባይገኝም ዜሮ ብሎ ይልካል፤ ያልላከውንም የወረዳው ባለሙያ ስልክ ደውሎ ያስታውሰዋል። የዜሮ ሪፖርት ፍልስፍና ጥልቅ ነው፤ ዝምታና «የለም» ማለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ያስተምራል። ዝም ያለ ተቋም ችግር የሌለበት ይሁን ያላየ አይታወቅም፤ ዜሮ የላከ ግን ማየቱን በራሱ ላይ መስክሯል። ይህ ልማድ ወደ ላቦራቶሪ ስህተት ሪፖርት ቢዛወር፣ ባለሙያው የሚጠየቀው «ስህተት ሠርተሃል ወይ?» ተብሎ ሳይሆን «ዛሬ ምን አየህ?» ተብሎ ስለሚሆን፣ ከሳሽነቱ ተወግዶ የሥራ ልማድ ይሆናል።

ግሸንና የመስከረም ወር

ከደሴ በስተ ሰሜን ምዕራብ በአምባሰል የሚገኘው የግሸን ደብረ ከርቤ አምባ በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ለሚከበረው የማርያም በዓል ከመላው አገሪቱ እጅግ ብዙ ምእመናንን ይቀበላል። ለላቦራቶሪ ጥራት ይህ ወቅት ከባድ ፈተና የሚሆንባቸው ምክንያቶች አሉ። አንደኛ፣ በዓሉ ክረምቱ ወጥቶ ወባ በቆላው መበርታት ከሚጀምርበት ጊዜ ጋር ይገጥማል፤ ብዙ ሕዝብ በጠባብ ቦታ ስለሚያድርም የተቅማጥ በሽታና በቅማል የሚተላለፈው ግርሻ ትኩሳት ያሰጋሉ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በቋራ በበርሜል ጊዮርጊስ ጠበል ስፍራ የተቀሰቀሰው ኮሌራ የጠበልና የበዓል ስፍራዎች ምን ያህል ንቁ ላቦራቶሪ እንደሚሹ አሳይቷል። ሁለተኛ፣ ተሳላሚው የአካባቢው ነዋሪ ባለመሆኑ ውጤቱ ሳይደርሰው ወደ አገሩ ሊመለስ ይችላል፤ ይህም ምርመራው በትክክል ተሠርቶም ጥቅም ሳይሰጥ የሚቀርበት የድኅረ ምርመራ ስህተት ነው። ሦስተኛ፣ ከአምባው ግርጌ ካሉ ጤና ጣቢያዎች ወደ ሐይቅ ወይም ወደ ደሴ የሚላክ ናሙና ዳገትና ቁልቁለት የበዛበትን መንገድ ያልፋል፤ የሰገራ ናሙና ለኮሌራ ማረጋገጫ በኬሪ-ብሌር ማጓጓዣ ካልተቀመጠ፣ ደሙም በጊዜው ካልተለየ፣ ደሴ ሲደርስ የሚነበበው ውጤት ሕመምተኛውን አይወክልም።

አራተኛው ምክንያት ከቀን አቆጣጠር ጋር ይያያዛል። በኢትዮጵያ የጤና መረጃ ሥርዓት የወር ሪፖርት የሚቆጠረው ከወሩ 21 እስከ ቀጣዩ ወር 20 በመሆኑ፣ የግሸን በዓል የአዲሱ ሪፖርት ወር የመጀመሪያ ቀን ላይ ይውላል። ባለሙያው ያለፈውን ወር ዘግቶ ለመላክ በሚጣደፍበት ቀን ወረፋው ከመቼውም ይበዛል ማለት ነው። በዚህ ሰዓት የሚደርስ ረጅም የማስታወሻ መልእክት ይጠፋል፤ በአንጻሩ መልእክት ጨርሶ የማይላክ ከሆነ በዓመቱ ውስጥ ከፍተኛ ስጋት ያለበት ሳምንት ያለ ምዝገባ ያልፋል። መፍትሔው ከበዓሉ ቀደም ብሎ አንድ የዝግጅት መልእክት ልኮ፣ በበዓሉ ቀናት በፈረቃ መጨረሻ አንዲት አጭር ጥያቄ ብቻ ማስቀረት ነው።

ከሌላ አገር የሚመጣ ፕሮግራም በኢትዮጵያ ሰዓት ላይ ሊሰናከልም ይችላል። «በ8 ሰዓት ይላክ» ተብሎ የታዘዘ መልእክት ጸሐፊው ከቀኑ ስምንት ሰዓትን አስቦ ኮምፒውተሩ ግን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቢልከው፣ የከሰዓቱ ርክክብ ጥያቄ የጠዋት ደም መውሰጃ ግርግር ውስጥ ይወድቃል። ወርን በአውሮፓ አቆጣጠር የሚቆጥር ማስታወሻም ከሪፖርቱ ወር ጋር አይገጥምም፣ ጳጉሜንንም አያውቃትም። የብሔራዊው የጤና መረጃ ሥርዓት ዲ.ኤች.አይ.ኤስ.-2 ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር እንዲስማማ ተደርጎ በሥራ ላይ መዋሉ፣ ይህ እንቅፋት ሊፈታ እንደሚችል ማስረጃ ነው።

የመሠረተ ልማቱም ጉዳይ ቀላል አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ደቡብ ወሎ ሲደርስ ብዙ የጤና ተቋማት ከነላቦራቶሪ መሣሪያቸው ተዘርፈዋል፣ ወድመዋልም፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በክልሉ ግጭት ምክንያት የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ቆይቷል። ስለዚህ በአንድ ኮምፒውተር ወይም በቴሌግራም ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ማስታወሻ ለአካባቢው አይበጅም፤ በተራ የጽሑፍ መልእክት የሚሠራ፣ እርሱም ሲቋረጥ በርክክብ ደብተሩ ላይ በታተመ ተመሳሳይ ጥያቄ የሚተካ መሆን አለበት።

የመልእክቱ አሠራር

ማስታወሻ በሁለት ዓይነት ሊዘጋጅ ይችላል። አንደኛው በሰዓት የሚላክ ሲሆን ተስማሚው ጊዜው የፈረቃ ርክክብ ነው፤ ሥራ ለአፍታ ቆሞ አንዱ ተረኛ ለሌላው የሚያስረክብበት፣ ያየውም ገና ያልተረሳበት ሰዓት በመሆኑ። መልእክቱም እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «በዚህ ፈረቃ ያልተለመደ ነገር ነበር? የለም ከሆነ 0፣ የናሙና መለያ 1፣ የናሙና ጥራት 2፣ መሣሪያ ወይም ሪኤጀንት 3፣ የውጤት አሰጣጥ 4 ብለው ይመልሱ።» ተረኛው አንድ ቁጥር ብቻ ይመልሳል፣ ዝርዝሩ በማግስቱ ከጥራት ኃላፊው ጋር ይሞላል። ሁለተኛው ዓይነት በክስተት የሚነሣ ነው፤ ናሙና ሲመለስ፣ ኮንትሮል ከወሰን ሲወጣ፣ የተሰጠ ውጤት ሲታረም ወይም አስጊ ውጤት ለሐኪሙ ሳይነገር ሲዘገይ፣ ሥርዓቱ ምክንያቱን ወዲያው ይጠይቃል። የኮምፒውተር የላቦራቶሪ መረጃ ሥርዓት ባለበት ሆስፒታል ይህ ሁለተኛው ይመረጣል፣ የሚጠይቀው የሚጠየቅ ነገር ሲኖር ብቻ ስለሆነ አያሰለችምና፤ በወረቀት መዝገብ በሚሠራ ጤና ጣቢያ ግን የመጀመሪያው ብቻ ይቻላል።

መልእክቱ የሕመምተኛ ስም ፈጽሞ መያዝ የለበትም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የጤና መረጃን ጥንቃቄ ከሚሹት መካከል ስለሚያየው፣ የካርድ ቁጥሩ በላቦራቶሪው መዝገብ ብቻ ቀርቶ በስልክ የሚሄደው የክስተቱ ዓይነት ብቻ ቢሆን ይበጃል። መልእክቱ ለግለሰብ ስልክ ሳይሆን ለፈረቃው ስልክ ቢደርስ ደግሞ አሳዋቂው በስሙ የተመዘገበ መስሎት አይሸሽም።

ከሁሉ በላይ ግን መልእክቱ መልስ ሊኖረው ይገባል። ሦስት ጊዜ ስለ ሐምራዊ ቲዩብ ያሳወቀ ባለሙያ ለዋርዱ ነርሶች ማብራሪያ መሰጠቱን በወሩ ስብሰባ ካልሰማ፣ አራተኛውን አይጽፍም። ማስታወሻ እየተላከ መልስ ሳይሰጥ ሲቀር ደግሞ ባለሙያው ቢናገርም ባይናገርም ለውጥ እንደሌለ በየዕለቱ ይማራል፤ በዚህ መንገድ ማስታወሻው ራሱ የተስፋ መቁረጥ አስተማሪ ይሆናል። ስለዚህ መልስ የመስጠት ኃላፊነት፣ ጊዜውና ባለቤቱ ተለይቶ ሳይታወቅ ማስታወሻ መጀመር አይገባም።

ውጤቱ እንዴት ይመዘን

ማስታወሻ በተጀመረበት ቦታ የሪፖርቱ ቁጥር መጨመሩ ስህተት እንደበዛ ተደርጎ መነበብ የለበትም፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚጨምረው ስህተቱ ሳይሆን እይታው ነው። የሆስፒታል አመራርና ተቆጣጣሪ አካል ይህን አስቀድመው ካልተረዱ፣ ብዙ ያሳወቀውን ክፍል ወቅሰው ዝም ያለውን ያመሰግናሉ፤ ሥርዓቱም በዚያው ይሞታል። በሌላ በኩል የሪፖርት ኮታ ማስቀመጥም ጎጂ ነው፤ ቁጥር ለማሟላት የሚጻፍ ከንቱ ሪፖርት መዝገቡን ሞልቶ ከባዱን ይሸፍነዋል።

የሚሻለው አራት ነገሮችን አብሮ ማየት ነው፦ ከ1,000 ናሙናዎች ስንት ሪፖርት እንደቀረበ፣ ከተላኩት ጥያቄዎች ስንቶቹ ዜሮንም ጨምሮ መልስ እንዳገኙ፣ ከሪፖርቶቹ ስንቶቹ እርምት ተደርጎባቸው እንደተዘጉ፣ እንዲሁም የክስተት መዝገቡ ከናሙና መመለሻ መዝገብና ከኮንትሮል ሰንጠረዥ ጋር ምን ያህል እንደሚስማማ። ማስታወሻው በሁሉም ላቦራቶሪዎች በአንድ ቀን ከሚጀመር፣ በየተራ ቢጀመርና ያልጀመሩት ከጀመሩት ጋር ቢነጻጸሩ፣ ለውጡ ከማስታወሻው ይምጣ ከሱፐርቪዥኑ ወይም ከሥልጠናው መለየት ይቻላል። ለእንዲህ ያለው ጥናት በደሴ የሚገኙት የጤና ኢንስቲትዩቱ ቅርንጫፍና ወሎ ዩኒቨርሲቲ ለቦታው ቅርብ ናቸው።

ማጠቃለያ

የዳሰሳው ማስረጃ ሲጠቃለል፣ ራስ-ሰር ማስታወሻ ወጪው ትንሽ፣ ውጤቱ ግን በሁኔታዎች የሚወሰን መሣሪያ ነው። የማክዶናልድ ሥራ ሰው እንደሚረሳ፣ የኬንያው ጥናት በስልክ የሚደርስ አጭር ቃል በገጠር ጤና ተቋም ለውጥ እንደሚያመጣ፣ የኦኒል ጥናት የተጠየቀ ሰው መዝገብ የማያውቀውን እንደሚናገር፣ የኮክሬን ግምገማ ደግሞ ተስፋው ልኩን ማለፍ እንደሌለበት ያሳያሉ። ለኢትዮጵያ ላቦራቶሪዎች ትክክለኛው ቅደም ተከተል መጀመሪያ ያሳወቀ ሰው እንደማይቀጣ በጽሑፍ ማረጋገጥ፣ ቀጥሎ ለሪፖርቱ መልስ የሚሰጠውን ሰው መሾም፣ በመጨረሻም ከሳምንታዊው የበሽታ ቅኝት የተወሰደውን የዜሮ ሪፖርት ልማድ በማስታወሻ ማጠናከር ነው። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ስልኩ ይጮኻል፣ መዝገቡ ግን ባዶውን ይቀራል። ቅደም ተከተሉ ከተጠበቀ፣ ከግሸን ግርጌ እስከ ደሴ ባለው የናሙና ጉዞ ላይ የትኛው እጅ መታገዝ እንዳለበት በየወሩ በማስረጃ ይታወቃል፤ ተሳላሚውም፣ ገበሬውም፣ እናቲቱም የራሳቸው የሆነውን ውጤት ይዘው ወደ ሐኪማቸው ይገባሉ።